ዓይን ውስጥ የማይገባ ልብስ

የወንድ ሱሪ ስገዛ መጀመሪያ የማየው ኪሱን ነው። ጨርቁንም ቁጥሩንም አይደለም። ጉልበቱ ላይ ኪስ ካለው እመልሰዋለሁ። አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡኒ ከሆነ፣ በእጄም አልነካውም። ሸሚዝ ከሆነ ደግሞ ደረቱ ላይ ኪስ ሊኖረው ግድ ነው፤ መታወቂያ የሚቀመጠው እዚያ ነዋ። መታወቂያውን ከኋላ ኪሱ የሚያወጣ ሰው እጁን ወደ ወገቡ ይሰዳል። እጁን ወደ ወገቡ የሚሰድ ሰው ደግሞ ፈታሹን ያስደነግጣል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ቁጭ ብዬ አስቤ አስቤ የደረስኩበት ነው።

የምገዛው ለልጄ ነበር። ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እኛ የምንኖረው ቡራዩ ነው፤ እሱ ደግሞ ሱሉልታ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ ነበር። ሥራው ሜትር ይዞ ሰው ቤት እየሄደ መስኮት መለካት ነው። ጠዋት ከቡራዩ ወደ አስኮ፣ ከአስኮ ወደ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ወደ ሱሉልታ ይሄዳል፤ ማታም በዚያው መንገድ ይመለሳል። መንገዱ ላይ ፍተሻ አለ። አንዳንድ ቀን የለም፣ አንዳንድ ቀን ሁለት ቦታ አለ። ሰው ሁሉ ከታክሲ ይወርድና ሴቱ በአንድ በኩል፣ ወንዱ በሌላ በኩል ይቆማል።

ሥራ ሲጀምር ደህና ልብስ አልነበረውም። የነበሩት ሁለት ቲሸርቶች፣ አንድ የተቀደደ ጂንስ፣ አንድ ኮፍያ ያለው ሹራብና አንድ ባለ ብዙ ኪስ ሱሪ ናቸው። እኔን ያስፈራኝ ያ ሱሪ ነው።

ከኛ ጋር አጥር የምትጋራ ጎረቤት አለችኝ። ቤተሰቦቿ ሰፈሩ ሁሉ እርሻ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ናቸው። እኔ በኋላ የመጣሁ ነኝ፤ ኦሮምኛዬ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ሰላምታ እሰጣለሁ፣ ዋጋ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ አያልፍም። እሷ ግን እንደ እህት ነበር ያቀረበችኝ። የሷም ልጅ ከኔ ልጅ ጋር እኩያ ነው። በዚያው ዓመት ክረምት ሳይገባ፣ ከሥራ ሲመለስ ፍተሻ ላይ አስወረዱት። አሥራ አንድ ቀን የት እንዳለ አልታወቀም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በእግሩ መጣ። ከስቷል። ማንም ምንም አልጠየቀውም፣ እሱም ምንም አልተናገረም።

እናቱ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ጠራችኝና «ሱሪው ነው» አለችኝ።

«የቱ ሱሪ?»

«ባለ ብዙ ኪሱ። ከጫካ የመጣ መስሏቸው ነው። እኔ ነኝ የገዛሁለት። ጠንካራ ነው ብዬ፣ ቶሎ አያልቅም ብዬ።»

ሱሪው ይሁን አይሁን የነገራት ሰው የለም። ራሷ የገመተችው ነው። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አመንኩት፤ ምክንያቱም ሱሪ ከሆነ ማድረግ የምችለው ነገር አለ።

የልጄን ልብስ በሙሉ አውጥቼ አልጋው ላይ ዘረጋሁት። ባለ ኪሱን ሱሪ በመቀስ ቆራረጥኩት። ቲሸርቶቹ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ነበር። የማላነበውን ነገር ልጄ ደረቱ ላይ ለጥፎ በታጠቁ ሰዎች ፊት ሊቆም መሆኑ አስጨነቀኝ። ግቢያችን ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩ ባልና ሚስት ልጅ አለቻቸው፣ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ጠራኋትና አንብቢልኝ አልኳት።

«ይኼኛው 'ባሕሩ እየጠራኝ ነው' ይላል።»

«ማን ነው የሚጠራው?»

«ባሕሩ፣ እትዬ። ባሕር፣ ውሃው።»

«ወዴት ነው የሚጠራው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ቲሸርት እኮ ነው!»

ባሕር ለምን እንደሚጠራ ስላልገባኝ እሱንም ቆረጥኩት። ማታ ልጄ ሲመጣ «እማ፣ ቲሸርቴ የት ሄደ?» አለኝ። ወለል እየወለወልኩበት ነበርና ጣቴን ወደ ወለሉ ቀሰርኩ። አየው፣ እኔን አየኝ፣ እራቱን በላ።

ልብሱን የገዛሁት ሰበታ ነው። እህቴ እዚያ ትኖራለች፤ ከገበያው ውስጥ የምታምናቸው ሳልቫጅ፣ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሐጂ አሉ። ጥሩውን ከመጥፎው ለይተው ይሰቅላሉ እንጂ እንደሌሎቹ መሬት ላይ አይቆልሉም።

«ምን ላውጣልሽ?» አሉኝ። «ትናንት የተፈታ ቦንዳ አለኝ፤ እጅ ያልነካው።»

«ለልጄ ዓይን ውስጥ የማይገባ ልብስ እፈልጋለሁ፣ ሐጂ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሰው አይቶት የማያስታውሰው። ጽሑፍ የሌለው፣ ሥዕል የሌለው፣ የማያብረቀርቅ።»

ሐጂ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ። «ልጅሽ ሊመነኩስ ነው እንዴ? ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ!»

እህቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። «ከቡራዩ ሱሉልታ ነው የሚመላለሰው» አልኳቸው።

ሐጂም ቀልዳቸውን ተዉ። «እኔም ሦስት ወንዶች አሉኝ» አሉና ጠቆር ያለ ጠቆር ያለውን ያወርዱልኝ ጀመር።

ግማሽ ቀን ቆየሁ። ሱሪውን ወደ ብርሃን አንስቼ መቀመጫውን አየሁ፤ የሳሳ ካለ ብርሃን ያስገባል። የሸሚዙን ብብት ገልብጬ አሸተትኩ፣ ኮሌታውን አጥፌ መላላጡን አየሁ፣ ዚፑን አሥር ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁ። ሁለት ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ፣ አንድ ግራጫ ሱሪ መረጥኩ። ሸሚዝ ሦስት፦ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ውሃ ሰማያዊ፤ ሦስቱም የደረት ኪስ አላቸው። የቱን ከየትኛው ጋር ቢለብሰው ይሄዳል። ጠዋት በችኮላ ተሳስቶ እንኳ ዓይን የሚስብ ነገር ሊለብስ አይችልም። በመጨረሻ ወገብ ላይ የሚቀር ጥቁር ጃኬትና ጥቁር የቆዳ ጫማ ጨመርኩ።

ሐጂ ጃኬቱን ሲያጥፉ እጃቸው ዘገየ። «ይኼ ነገር ትንሽ የመንግሥት ሰው አያስመስልም?»

«ታዲያ የመንግሥት ሰው ቢመስልልኝ ምን ከፋኝ!» አልኳቸው።

አጥፈው ፌስታል ውስጥ ከተቱት።

ባለቤቴ ግንበኛ ነው፤ አንድ ልብስ እስኪያልቅ ሌላ አይገዛም። ፌስታሉን ሲያይ «ምነው፣ ልትድሪው ነው እንዴ?» አለኝ። ሱሪዎቹን ሰፈር ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ ቁመታቸውን አሳጠርኩ፣ ወገባቸውን አስጠበብኩ። ልጄን ፀጉሩንም አሳጥሮ እንዲቆረጥ ለመንኩት፤ እሺ አለኝ። ሁሉንም ለብሶ መስተዋት ፊት ቆመ።

«እማ፣ የሒሳብ አስተማሪ መሰልኩ።»

«የሒሳብ አስተማሪ ማን ይነካዋል?»

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዳሰብኩት ሆኑ። ማታ እየመጣ «ዛሬ ሳይፈትሹኝ አለፍኩ» ይለኛል። አንድ ቀን ደግሞ ፈታሹ መታወቂያውን ሳያይ በጭንቅላቱ «እለፍ» ብሎት፣ «በርታ» ብሎ ትከሻውን መታ እንዳደረገው ነገረኝ። ይህን ሲነግረኝ አልሳቀም፤ እኔ ግን ልቤ ቦታው ገባ። የጎረቤቴ ልጅ ከተያዘበት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ይዞኝ አያውቅም ነበር። በእነዚያ ሳምንታት መተኛት ጀመርኩ።

ከቤታችን ወደ አስፋልቱ ሲወጣ የባጃጅ ተራ አለ። ወጣቶች እዚያ ተሰብስበው ይውላሉ። አንድ ጠዋት ልጄን እስከዚያ ስሸኘው፣ ከመካከላቸው አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጉራ» ሲል ሰማሁ። ሌላው ወደ መሬት ምራቁን ተፋ። ጉራ እንዳለበት ያወሩበታል ብዬ አሰብኩ። ለአፍታ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ልጄ አምሮበት ነው፣ ቀንተው ነው አልኩ። ቤት ስገባ ደግሞ ደስታው ወደ ፍርሃት ተለወጠ፤ ጉራ ያለበት ሰው ዓይን ውስጥ ይገባላ። ስለዚህ ውሃ ሰማያዊውን ሸሚዝ ደበቅኩት። ጫማውንም ቀለም እንዳይቀባው ነገርኩት። ይበልጥ ደብዘዝ ያለ አደረግኩት።

ጎረቤቴም በዚያ ሰሞን ተለወጠችብኝ። በአጥሩ በኩል «አካም ጅርታ?» ብዬ ደህንነቷን ስጠይቃት መልሷ በእቃ ማጠብ ድምፅ ውስጥ ይጠፋል። አንድ ቀን በሩ ላይ ከልጄ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኙ ልጇን በክንዱ ይዛ ወደ ውስጥ ስታስገባው አየሁ። ሐዘኗ ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ አስኮ ለቅሶ ልደርስ ከልጄ ጋር በአንድ ታክሲ የወጣሁበት ጠዋት መጣ። እሱ ከፊት ወንበር ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ ቦታ አገኘሁ። እሱ ከመግባቱ በፊት ከኋላ ያሉት ልጆች እየተሳሳቁ ነበር። ሲገባ ዝም አሉ። አጠገቡ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ሁለት ሰው ግን በሩ ጋ ጎብጦ ቆሟል፣ የሚቀመጥ የለም። ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ እሱ ዘንድ ሲደርስ ዘሎት ወደ ኋላ አለፈ።

ልጄ ብሩን ዘርግቶ «ወንድም፣ ሒሳብ» አለው።

«ችግር የለም አለቃ።»

«ተቀበለኝ እንጂ።»

«ችግር የለም አልኩህ እኮ አለቃ!» አለ ረዳቱ። ቃሉ አክብሮት ነው፣ ፊቱ ግን አክብሮት አልነበረበትም። ከኋላዬ አንዱ «ጉራ» አለ። የሳቀ የለም። ስለ ጉረኛ ሰው ሲወራ ይሳቃል። ያኔ ጎረቤቴን ልጠይቃት ቆረጥኩ።

ለቅሶው ላይ አልቆየሁም። ቤቴ ሳልገባ በጎረቤቴ በር ገባሁ። ልብስ እያሰጣች ነበር።

«እህቴ፣ ምን አድርጌሽ ነው?»

አልዞረችም። «አንቺ ምንም አላደረግሽኝም።»

«ታዲያ ማን ነው ያደረገሽ?»

«ልጅሽ ሥራው ምንድን ነው?»

«መስኮት ይለካል። ታውቂ የለም እንዴ?»

«መስኮት ብቻ?»

«ሌላ ምን ይለካል? ልጆቹም ጉራ እያሉ ይሰድቡታል። ምን ጉራ አለበት? ጫማውን እንኳ ቀለም መቀባት አስትቼዋለሁ!»

ያኔ ዞረች። እያስመሰልኩ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን ረጅም ጊዜ አየችው። «ጉራ በአማርኛው መሰለሽ?» አለችኝ። እርጥብ እጇን አነሳችና የጆሮዋን ጫፍ ያዘች። «በኛ ይኼ ነው። ጉራ፣ ጆሮ።»

ጆሮ ጠቢ ማለታቸው ነበር። ሰው የሚሰልል፣ ሰው የሚያስይዝ። የልብሱ ባልዲ አፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ልጄን ወሰዱት» አለች። «በሁለት ወሩ ያንቺ ልጅ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ እንደ እነሱ ጥቁር ጃኬት ለብሶ መሄድ ጀመረ። ሌላው ሲፈተሽ እሱ ያልፋል። ታክሲ አይከፍልም። ሜትር ይዞ የሰው ቤት ይለካል፤ የሚፈርስ ቤት ነው የሚለካው ይላሉ። እኔ ምን ልበል?»

«እኔ ነኝ ያለበስኩት» አልኳት። «ያንቺን ልጅ አይቼ ነው። ሱሪው ነው ስላልሽኝ ነው።»

አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቀጥላ በጣም ቀስ ብላ «ዛሬ ማታ ባጃጅ ተራው ጋ ሊጠብቁት ነው» አለችኝ። «ልጄ ሰምቷል።»

«ልትነግሪኝ ነበር?»

ወደ እርጥቡ ልብስ ዞረች።

ወደ ልጄ ስልክ ደጋግሜ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ሰው ቤት ሲለካ ያጠፋዋል። የባለቤቴን የደበዘዘ ቡኒ ሹራብ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ከባጃጅ ተራው በፊት ያለው መውረጃ ላይ ቆሜ የሚመጣውን ታክሲ ሁሉ መስኮት በመስኮት አየሁ። ለወትሮ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል። አሥራ ሁለት ሆነ። ጥቁር ጃኬት የለበሰ ወንድ በወረደ ቁጥር ልጄ መሰለኝ፤ ያን ያህል ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው በቡራዩ መኖሩን አላውቅም ነበር። እያንዳንዳቸውንም ሳይ እኔ ራሴ ፈራኋቸው። ሰው ልጄን ሲያይ የሚሰማው ይህ ነው ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ በመስኮት አየኝና ወረደ።

«እማ? ምን ሆነሻል? አባዬ ደህና ነው?»

«ጃኬቱን አውልቅ።»

«እዚህ መንገድ ላይ?»

«አውልቅ አልኩህ! ጆሮ ነው እያሉህ ነው። እየጠበቁህ ነው።» ዚፑን ራሴ ልከፍተው ያዝኩ።

እጄን ያዘው። «አውቃለሁ» አለኝ።

«ምን ታውቃለህ?»

«የሚሉኝን። ኦሮምኛ እኮ እሰማለሁ እማ። ከሁለት ሳምንት በላይ ሆነው።»

«እና ለምን አልነገርከኝም? ለምን ለበስከው?»

ወደ አስፋልቱ አየ። «መተኛት ጀምረሽ ነበር» አለኝ።

ጃኬቱን አስወልቄ ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩት። ሹራቡን ከላይ አጠለቅኩለት፤ እጅጌው አጥሮት ግማሽ ክንዱ ወጣ። ወደ ቤት ሌላ መንገድ የለም፣ በተራው ማለፍ ግድ ነው። ክንዱን ይዤ ሄድኩ። ልጆቹ ከሩቅ ታዩን፤ ስድስት ወይም ሰባት ይሆናሉ፣ ከባጃጆቹ ተነስተው ቆመዋል። አንዱ እጁን ከኋላው ደብቋል። ልመልሰው አሰብኩ፣ ሩጥ ልለው አሰብኩ፤ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ይመስላል።

ያኔ ከመካከላቸው ጎረቤቴ ብቅ አለች። ልጇ አጠገቧ ነው። መጥታ የልጄን ሌላ ክንድ ያዘችና በኦሮምኛ በቁጣ ትናገራቸው ጀመር። ሁሉም አልገባኝም። «ሃዻ» ስትል እናት ማለቷን አወቅኩ፤ በጣቷ እኔን፣ ሱሪውን፣ ጫማውን እያሳየች ነው። ልጇም አንድ ነገር ጨመረ። ከተመለሰ ወዲህ በሰው ፊት ሲናገር ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ረጅሙ ልጅ በአማርኛ «ቆይ፣ እናትህ ናት የምታለብስህ?» አለው።

ልጄ አንገቱን ደፋ። «አዎ።»

«በዚህ ዕድሜህ?»

«ፓንቱንም እሷ ናት የምትመርጥለት?» አለ ሌላው።

ሳቁ። ባጃጅ ላይ ተደግፈው፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የልጄ ፊት እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። በልጄ ሲሳቅ ደስ ያለኝ በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ከኋላው እጁን የደበቀው ልጅ የያዘውን ነገር ቀስ ብሎ ባጃጁ ወንበር ስር አስገባው። ምን እንደሆነ ላለማየት ፊቴን አዞርኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ልጄ ብቻውን ሄዶ ልብስ ገዛ። እኔ አብሬ ልሂድ አላልኩም፤ እሱም አልጠራኝም። ይዞት የመጣውን ሲዘረጋው እጄን ከኋላዬ አድርጌ አየሁ። ከርቀት የሚታይ ቀይ ሹራብ፣ ዳማ ሸሚዝ፣ ሰማያዊ ጂንስ፣ ነጭ ስኒከር። ከግራጫው ሱሪ በቀር እኔ ከገዛሁት አንድም አላስቀረም፤ እሱንም «ከዳማው ጋር ይሄዳል» ብሎ ነው። ደረት ኪስ ያለው አንድም አልነበረም። መታወቂያህን የት ታደርጋለህ ልለው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት።

ሰኞ ጠዋት ቀዩን ለብሶ ወጣ። የጎረቤቴ ልጅም ሥራ ፍለጋ ሱሉልታ አብሮት ሊሄድ በር ላይ ይጠብቀው ነበር። እኔና እናቱ እያንዳንዳችን በየበራችን ቆምን። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ቁልቁል ወረዱ። ባጃጅ ተራው ጋ አንዱ በፉጨት ቀለደባቸው፤ ልጄ እጁን አወዛወዘለት። ቀይዋ ሹራብ ከሰዎቹ መሃል እየወጣች እየገባች እስከ አስፋልቱ ድረስ ታየችኝ። እኔ ከዚህ ካየኋት ማንም ያያታል።

ታክሲው ይዟቸው ሄደ። ጎረቤቴ ከበሯ ሳትነቃነቅ «ስንት ሰዓት ላይ ፍተሻው ጋ ይደርሳሉ?» አለችኝ።

«ከአርባ ደቂቃ በኋላ» አልኳት።

ሁለታችንም ወደ ቤት አልገባንም።